ስለ ምስማር ሰሌዳ ጨዋታ ትርዒታችን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንድናደርግ በተፈቀደልን ጊዜ፥ ብዙዎቻችሁ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ እርሻ መሻሻል ይናገራሉ ብላችሁ ሳትጠብቁን አልቀራችሁም። እነዚያ ትልልቅ ነገሮች ናቸው፤ ተናጋሪም አያጡም። እኛ የምንናገረው ግን በጥር ወር እዚህ በጀውሃ ስላዘጋጀነው አንድ ትንሽ ትርዒት ነው። ትርዒቱ የጨዋታ ትርዒት ነበረ፤ ይኸውም በምስማር በተመታ ሰሌዳ ላይ ብይ እየተኮሱ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። «ለዚህ ደግሞ ንግግር ያስፈልጋል?» የሚል ቢኖር፥ ጥቂት ይታገሠን ዘንድ በትሕትና እንለምናለን።

አስቀድመን ሰሌዳውን ላላዩት እናስረዳ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል፥ ወርዱ የዚያ ግማሽ የሆነ የእንጨት ገበታ ነው። እንጨቱ የተገኘው ከተሰባበሩ የቲማቲም ሣጥኖች ነው፤ የመስኖ ቲማቲም በሚጫንበት ወራት እንዲህ ያለ ሣጥን በመንገድ ዳር ወድቆ አይታጣም። በገበታው ላይ ምስማሮች እንደ ማሽላ ቡቃያ ቆመው ይታያሉ፤ የሚመቱት እስከ ግማሻቸው ብቻ ነውና። በምስማሮቹ መካከል ብይ የሚገባባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ በየጉድጓዱ አጠገብ 5፥ 10፥ 20፥ 50 የሚል ቍጥር ተጽፏል። ሰሌዳው ዘመም እንዲል በራስጌው በኩል ሁለት ጡብ ይደረግለታል። በቀኝ ጎኑ አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ከመተላለፊያውም ግርጌ ከአሮጌ አልጋ የወጣ ሞላ የተገጠመለት ዱላ ተቀምጧል። ዱላውን ስበው በለቀቁት ጊዜ ብዩ ሽቅብ ይተኮሳል፤ ከራስጌው ዞሮም ምስማሮቹን እያንኳኳ ቁልቁል ይወርዳል። ድምፁ ብቻውን ሰው ይሰበስባል።

ይህን ጨዋታ እኛ አልፈጠርነውም። በ18ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር ባጋቴል የሚባል፥ በምስማርና በጉድጓድ መካከል ኳስ የሚንከባለልበት የገበታ ጨዋታ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1871 በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ ይኖር የነበረው ሞንታግ ሬድግሬቭ ኳሱን በሞላ የሚተኩሰውን ዘንግ ጨምሮ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1931 የጎትሊብ ኩባንያ ባፍል ቦል የተባለውን የሳንቲም መጫወቻ አወጣ፤ ዘመኑም በአሜሪካ ሥራ የጠፋበት ጊዜ ስለ ነበረ፥ በአንዲት ሳንቲም የሚገኘውን ደስታ የሚሻ ሕዝብ እጅግ ብዙ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ፒንቦል ተባለ። የእኛ ሰሌዳ እንግዲህ ከ1931ዱ መጫወቻ ብዙ የሚርቅ አይደለም፤ መስታወት የለውም እንጂ። የፊዚክስ መምህራችን በዘመመ ገጽ ላይ ስለሚንከባለል ኳስ ባስተማሩን ሰሞን ከመካከላችን ሁለቱ የመጀመሪያውን ሠሩ፤ ሦስት ወር ሳይሞላም በትምህርት ቤቱ ውስጥ አምስት ሰሌዳ ተቈጠረ። እያንዳንዱ ሠሪ «የኔ ይበልጣል» ይል ጀመር። ሁሉንም በአንድ ቀን፥ በአንድ ጥላ ሥር አምጥቶ ማስተያየት የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ክርክር ነው።

ትርዒት ማዘጋጀት ሰሌዳ ከመሥራት ይልቅ ይከብዳል። ፈቃድ ስንጠይቅ ሦስት ጥያቄ ቀረበልን፤ ወጪውን ማን ይችላል? ዕቃውን ማን ይጠብቃል? ወላጆችስ ምን ይላሉ? የፊተኞቹ ሁለቱ ቀላል ነበሩ። ወጪው ምስማር፥ ኮላና ጥቂት ቀለም ነው፤ ጥበቃውንም በተራ ተከፋፈልነው። ሦስተኛው ግን አስቸገረን። የደሴን መንገድ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። በየከተማው ጥግ ጆተኒ አለ፥ ፑል አለ፥ ከረንቡላም የሚገኝበት አለ፤ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ በዚያ የሚውል ልጅም አለ። ጨዋታው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ተሸናፊው የሚከፍልበት ገንዘብ ሲኖር ልጁ የአባቱን የሽንኩርት ዋጋ ይዞ ይጠፋል። እናቶች በጨዋታ ጠረጴዛ ላይ ያላቸው ጥላቻ ከዚህ የመጣ ስለ ሆነ ልንነቅፈው አይገባንም። ደግሞም ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠርን ልጆች፥ ጊዜን በከንቱ ማሳለፍ ነውር መሆኑን ከሀሁ ጋር የተማርነው ነው።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ነገሩን ስናቀርብ አንድ አዛውንት ብድግ ብለው፥ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ወደ ሰሌዳው ቀርበው ብዩ ሲወርድ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፥

«ልጆቼ፥ ይህ ብይ የት እንደሚወድቅ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን።

«አናውቅም፥ አባባ» አልን።

«እንግዲያው ይህ ዕጣ ነው። ዛሬ ያለ ገንዘብ ትጫወቱታላችሁ፤ ነገ አንዱ ብር ያኖርበታል፤ ያን ጊዜ ቁማር ይሆናል። እናንተ ሄዳችሁ ሰሌዳው ይቀራል።»

ለዚህ በዚያን ዕለት የሚሆን መልስ አልነበረም። ስብሰባውም ነገሩን ለሌላ ቀን አሳድሮት ተበተነ።

ይህ የአዛውንቱ ጥያቄ አንዲት ታላቅ ከተማን ከ30 ዓመት በላይ ያከራከረ መሆኑን ያወቅነው ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የኒው ዮርክ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ ፒንቦል የዕድል ጨዋታ ነው፥ የልጆችንም ሳንቲም ይዘርፋል ብለው በከተማው ውስጥ ከለከሉት። ፖሊሶች በሺህ የሚቈጠሩ መጫወቻዎች ወሰዱ፤ በመዶሻም ሰባበሯቸው። በዚያን ጊዜ መጫወቻው ኳሱን ከተኮሱ በኋላ ዝም ብለው የሚመለከቱት ነገር ስለ ነበረ፥ ከንቲባው ያለ ምክንያት ተናገሩ ለማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1947 ግን የጎትሊብ ኩባንያ ሐምፕቲ ደምፕቲ የሚባለውን አወጣ፤ በእርሱም ላይ ተጫዋቹ ቍልፍ ሲጫን ኳሱን መልሰው የሚመቱ ስድስት እጆች ተገጠሙለት። ከዚህ በኋላ ጨዋታው የዓይንና የእጅ ችሎታ ሆነ። ክልከላው ግን እስከ 1976 ቈየ። በዚያ ዓመት ሮጀር ሻርፕ የተባለ ጋዜጠኛ በከተማው ምክር ቤት ሸንጎ ፊት ቆሞ ተጫወተ፤ በመጨረሻም «ይህች ኳስ በመካከለኛው መተላለፊያ ትወርዳለች» ብሎ አስቀድሞ ተናግሮ ተኮሰ፤ እንዳለውም ወረደች። ክልከላው ተነሣ። (ሻርፕ ራሱ ኋላ እንደ ተናገረው ያቺ ምት የዕድል ሥራ ነበረች። ይህን ለአዛውንቱ አልነገርናቸውም።)

እኛም ይህን ታሪክ ካነበብን በኋላ ሰሌዳዎቹን እንደገና አፍርሰን ሠራናቸው። ከግርጌው፥ በግራና በቀኝ፥ በወፍራም ምስማር ላይ የሚዞሩ ሁለት የእንጨት እጆች አበጀን። ከእያንዳንዱ እጅ ሲባጎ ታስሮ በገበታው ጎን ይወጣል። ሲባጎው ሲሳብ እጁ ተነሥቶ የሚወርደውን ብይ መልሶ ሽቅብ ይመታዋል፤ ሲለቀቅ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቈረጠ ቀጭን ጥብጣብ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሥራው በአንደበት እንደሚነገረው ቀላል አልነበረም። እጁ ሲረዝም ብዩ ጨርሶ አይወድቅም፥ ጨዋታውም ይሰለቻል፤ ሲያጥር ደግሞ ብዩ በመካከል ሾልኮ ያልፋል። ላስቲኩ ጠዋት ልክ ሆኖ እኩለ ቀን ላይ ይላላል፤ በቆላ አገር የሚኖር ሰው ይህን መልካም አድርጎ ይረዳዋል። በመጨረሻ ያገኘነው ልክ፥ ሁለቱ እጆች በተኙበት ጊዜ በጫፋቸው መካከል ሁለት ብይ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ መተው ነው። ከእኛ በኋላ ለሚሠሩ ይጠቅም ይሆናል ብለን አስፍረነዋል።

በሁለተኛው ስብሰባ ጊዜ አንዲት የ9ኛ ክፍል እኅታችን በሰሌዳው ፊት ቆመች። አዛውንቱ ጉድጓድ ይመርጣሉ፤ እርስዋ ትመታለች። 20 አሏት፤ በሁለተኛው ምት ገባላት። 10 አሏት፤ በመጀመሪያው ገባላት። 50 ባሏት ጊዜ ስድስት ጊዜ ሞክራ አልተሳካላትም፤ እሳቸውም በዚህ ሳይደሰቱ አልቀሩም። ከዚያ በኋላ ዝም ብለው ቆዩና፥ «ይህስ ገበጣ መሰለኝ፤ ራስ ይፈልጋል» አሉ። ወዲያውም ሁለት ነገር እንድንፈጽም አዘዙን። አንደኛው፥ በትርዒቱ ቀን በማንም ኪስ ውስጥ ያለ ገንዘብ ከኪሱ እንዳይወጣ ነው። ሁለተኛው፥ የፈረንጁ ጨዋታ የሚታይ ከሆነ የአባቶቻችሁም ገበጣ አብሮ ይታይ የሚል ነው። ስለዚህ የእኛ የብይ ትርዒት ገበጣንም የጨመረው በእኛ ብልሃት ሳይሆን በአዛውንቱ ትእዛዝ መሆኑ ይታወቅልን።

ስለ ሽልማትም ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ለአሸናፊው ደብተርና እርሳስ ይሰጥ አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ደብተርም ቢሆን ዋጋ አለው፥ የአዛውንቱን ቃል ማፍረስ ነው አልን። የጸናው የሁለተኞቹ ሐሳብ ነው። አሸናፊው ስሙ በትልቁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀለም ጠመኔ ይጻፋል፤ እስከሚቀጥለው ዓርብም ማንም እንዳያጠፋው ይደረጋል። ይህ ሽልማት እንደምን ያለ ጥማት እንደሚያመጣ ያላየ ሰው አያምነውም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንመጣለን። ሰሌዳ የሚሠሩት የጀውሃ ልጆች ብቻ አልነበሩም። ነገሩ በደሴ መንገድ ወዲያና ወዲህ ተሰምቶ፥ በሸዋ ሮቢትም በሰንበቴም የሚሠሩ መኖራቸውን ሰማን። እንጥራቸው ወይስ ይቅር? በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በዙሪያዋ ቤት ሲቃጠልና ሰው ሲሞት፥ በ2014 ዓ.ም. በኅዳርም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፥ እኛ ገና ልጆች ነበርን። በእነዚያ ወራት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፥ ቤተ ሰብ ተበትኖ ነበር። ከመካከላችን የተቃጠለ ቤት ያለው አለ፤ ሰው የሞተበትም አለ፤ በዚያ ወገን እንዲሁ ያለ ልጅ መኖሩን እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ በእሑድ የሰንበቴ ገበያ አማራውም፥ ኦሮሞውም፥ አርጎባውም፥ አፋሩም እየተገናኘ ይሸጣል፥ ይገዛል፤ ሰው ያለ ጨው፥ ያለ እህልና ያለ ከብት መኖር አይችልምና። ልጅን ለጨዋታ ብሎ መላክ ግን ሌላ ነገር ነው። ለገበያ ምክንያት አለ፤ ለጨዋታ ምን ምክንያት አለ?

ደብዳቤ ጻፍን፤ መምህሮቻችን ፈረሙበት፤ በገበያ ቀንም ወደ ሰንበቴ ተላከ። መልስ ሳይመጣ ሁለት እሑድ አለፈ። በሦስተኛው እሑድ፥ በመምህራቸው ጠባቂነት ስድስት ልጆች እንደሚመጡ፥ ከእኩለ ቀን በፊትም መመለስ እንዳለባቸው ተነገረን። በዚህ ምክንያት ትርዒቱን ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል እንዲጀመር አደረግን፤ የቆላው ፀሐይም ይህንኑ ይመክር ነበር።

የጭቅጭቁ ምክንያት ሕግ ነበረ። የጀውሃ ልጆች ብይ በምስማር መካከል ሲያዝ ተራ ይቃጠላል ይላሉ፤ የሰንበቴዎቹ ተነሥቶ እንደገና ይተኮሳል ይላሉ። የሸዋ ሮቢቶቹ በሦስት ብይ ይጫወታሉ፤ እኛ በአምስት። ለውድድር አንድ ሕግ ያስፈልጋል ብለን ወረቀት ዘርግተን ስንጽፍ፥ የማን ሕግ ይጻፍ በሚለው ላይ ድምፅ ከፍ እያለ መጣ። እንግዶቹ ከመጡ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላም። መምህራቸው ቆመው ሰዓታቸውን ይመለከቱ ነበር፤ እኛም ያንን አየን።

በዛፉ ሥር ተቀምጠው የነበሩት የገበጣ ተጫዋቾች ነገሩን ፈቱት። ገበጣ ከአገር ወደ አገር ሕጉ የሚለያይ ጨዋታ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት የተባሉት የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር በተባለው መጽሔት ስለ ገበጣ ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል፤ በዚያም አንዱ አገር በሁለት ረድፍ፥ ሌላው በሦስት ረድፍ እንደሚጫወት፥ የጠጠሩም አነሣስና አዘራር እንደ ቦታው እንደሚለያይ ዘርዝረው አሳይተዋል። በየሐና በመጠራ በድንጋይ ላይ ተቈፍረው የተገኙት የገበጣ ጉድጓዶች ከአክሱም ዘመን ናቸው ተብሎ ይገመታል። እንግዲህ ይህን ያህል ዘመን የሚለያይ ሕግ ይዘው ሰዎች እንደምን አብረው ሊጫወቱ ቻሉ? አዛውንቱን ብንጠይቃቸው፥ «ምን ያስቸግራል? በገበጣው ባለቤት ሕግ ነዋ! እኔ ዘንድ ስትመጣ በእኔ፥ አንተ ዘንድ ስመጣ በአንተ። ባለቤቱ ከመጀመሩ በፊት ሕጉን ይናገራል፤ ከጀመረ በኋላ አይለውጥም» አሉን።

ወረቀታችንን አጠፍነው። በየሰሌዳው ራስጌ ባለቤቱ ሕጉን በአጭር ጻፈ፤ ሁሉም በሁሉም ሰሌዳ ላይ ይጫወታል፤ ነጥቡ ይደመራል። ይህ በመሆኑ በራሱ ሰሌዳ ጌታ የሆነው በሌላው ሰሌዳ ላይ ደቀ መዝሙር ሆነ። ከሰንበቴ የመጣው ሰሌዳ ምስማሩ ጥቅጥቅ ያለ፥ እጆቹም አጫጭር ነበሩ፤ የእኛ ጀግኖች ሁሉ በእርሱ ላይ ወደቁ። ባለቤቱም አንድ ቀጭን ልጅ ነው፤ አጠገባችን ቆሞ «ሲባጎውን ቶሎ አትሳበው፥ ይምጣልህ» እያለ ያስተምር ነበር። ተወዳዳሪውን የሚያስተምር ሰው ስናይ ይህ የመጀመሪያችን ነው።

ገበታውን መነቅነቅ ያስቸገረን ሌላው ነገር ነበር። ብዩ ወደማይፈለግበት ሲሄድ ተጫዋቹ ሰሌዳውን በወገቡ ገፋ ያደርገዋል። በአሜሪካ ሃሪ ዊልያምስ የተባለው ሰው በ1930ዎቹ መጫወቻው ሲነቀነቅ ጨዋታውን የሚያቆም መሣሪያ ሠርቶለታል። እኛ በየሰሌዳው ጥግ ጢም ብላ ውሃ የሞላች ስኒ አስቀመጥን፤ ጠብታ የፈሰሰ እንደ ሆነ ተራው ይቃጠላል። ኤሌክትሪክ አያስፈልጋትም፤ በዚያን ጠዋትም መብራት አልነበረም። ስኒዎቹን ያበደሩን የትምህርት ቤታችን ጎረቤት እትዬ፥ አንዱም ሳይሰበር መመለሱን እስከ ዛሬ ይደነቁበታል።

ሰባት ሰሌዳና ሦስት ገበጣ ቀረበ። የገበጣው ጠጠር ከጀውሃ ወንዝ ተለቅሞ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ ማሾ አድርገን ነበር፤ ዶሮዎች ደርሰው አጋማሹን በሉት። ሕዝቡ ከጠበቅነው በላይ ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ ሰሌዳ በገመድ ታጥሮ ተመልካች አንድ ክንድ ርቆ እንዲቆም ተደረገ። አሸናፊዋ ከሸዋ ሮቢት የመጣች ተማሪ ሆነች፤ ስሟም እስከ ዓርብ በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ቆየ። ከሰንበቴ የመጡት ከእኩለ ቀን በፊት መመለስ ነበረባቸው፤ ነገር ግን ቀጭኑ ልጅ ከአዛውንቱ ጋር ገበጣ ይዞ ስለ ነበረ፥ መምህሩ ባጃጁን ሁለት ጊዜ አስቆሙት። ልጁ በእሳቸው ሕግ ተጫውቶ ተሸነፈ። «ሰንበቴ ሲመጡ በእኔ ሕግ ነው፥ አባባ» ብሎ ተሰናበታቸው። በየካቲት ወር በአንድ እሑድ አዛውንቱ በሬ ሊገዙ ሄደው ልጁን ፈልገው አግኝተውታል። ማን እንዳሸነፈ ሊነግሩን አልፈቀዱም።

እኛ በዚህ ዓመት ፈተናችንን ወስደን ከዚህ ትምህርት ቤት እንሰናበታለን። ሰሌዳዎቹ በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በቍጥር አስረክበናቸዋል። አንዱ የእኛ ሰሌዳ በሰንበቴ ይገኛል፤ አንዱ የእነርሱ እዚህ አለ፤ ይህም በመለዋወጥ የተደረገ ነው፥ ሕጉም አብሮ ተጽፎ ተላልፏል። የሚቀጥለውን ትርዒት እነርሱ በሰንበቴ ሊያዘጋጁ አስበዋል፤ መንገዱ ደኅና ከሆነ የእኛ ልጆች ይሄዳሉ። ለዚህም ከወዲሁ ወላጆችን እንለምናለን። ሌላው ልመናችን አነስተኛ ነው። የአራቱ ሰሌዳ ሞላ ላልቷል፤ በቤቱ አሮጌ የብረት አልጋ ያለው ሰው ቢኖር፥ ከመጣሉ በፊት ሞላውን ለ11ኛ ክፍል አለቃ እንዲሰጥልን በአክብሮት እንጠይቃለን።